ተረካቢ፦ ወንድ ልጅ

ሰባት ቁጥር መሳቢያ ባዶ ነበር።

የሬሳ ክፍሉ ጠባቂ መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ሳበው። መልሶ ዘጋው። እንደገና ሳበው፤ ሁለተኛ ሲከፈት ሰው የሚገኝበት ይመስል።

በሩ ላይ የቆመችው ሴት የጨርቅ ከረጢት አቅፋለች። ከረጢቱ ውስጥ የአባቷ ሙሉ ልብስና ጫማ አለ። በስምንት ሰዓት ነይና ውሰጂ ተብላ ነበር፤ በስምንት ሰዓት መጣች። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው። ዘመድ ከሩቅም ከቅርብም መንገድ ጀምሯል።

«አባቴስ?» አለች።

ጠባቂው ሠላሳ ዓመት ከሬሳ ጋር የኖረ ሰው ነው። ውሎው ከማቀዝቀዣ ጋር ስለሆነ ሆስፒታሉ በሙሉ «ጋሽ ብርዱ» ይለዋል፤ ስሜ ይህ አይደለም ማለቱን ከተወ ቆይቷል። ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ፣ መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ተወስዷል» አለ። «በአምስት ሰዓት። ተረካቢ፦ ወንድ ልጅ።»

«አባቴ ወንድ ልጅ የለውም።»

«እዚህ ላይ አለው» አለ ጋሽ ብርዱ፣ ስክሪኑን እያየ።

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ከረጢቱን አጥብቃ አቀፈችና ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ፖሊስ ደረሰ። ፖሊስ ማለት አንዲት ሴት፣ አንድ ማስታወሻ ደብተርና አንዴ የሚጽፍ አንዴ የማይጽፍ እስክሪብቶ ነው። መርማሪዋን በጣቢያው «ምን ማለት ነው» ይሏታል። ሌሎች መርማሪዎች ቶሎ ይገባቸዋል። እሷ ቶሎ አይገባትም፤ እስኪገባትም ከወንበሯ አትነሳም። ስለ ኮምፒውተር ያላት እውቀት ከማብሪያው ቁልፍ አያልፍም።

ጉዳዩ ገና ከመነሻው ተምታታባት። ሴትዮዋ እጅ ላይ አባቷ ትናንት ሲያርፍ ከሕሙማን ክፍል የተሰጣት ወረቀት አለ። ተረካቢ ሴት ልጅ፣ ሰዓት ስምንት ይላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ተረካቢ ወንድ ልጅ ይላል። ሁለቱም የወጡት ከአንድ መዝገብ ነው። መርማሪዋ ወረቀቱን ወደ መብራት አንስታ አየችው፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም።

ወደ ጋሽ ብርዱ ዞረች።

«ማን ወሰደው?»

«አንድ ሹፌርና አንድ ሰውዬ። ነጭ መኪና ነው።»

«ሰውዬው ምን አለዎት?»

«ምንም። ሹፌሩ ነው ያወራው። እሱ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ሐዘን አፉን ይዞት ነው ብዬ ተውኩት።»

«መልኩስ?»

«ጭንብል አድርጓል። እዚህ የሚገባ ሁሉ ያደርጋል።»

«መታወቂያ አላዩም?»

«እንዴት አላይም! አየሁ እንጂ። የአባቱ ስም ከሟቹ ስም ጋር ገጠመ፤ አስረከብኩ።»

«የራሱ ስም ማን ይላል?»

ጋሽ ብርዱ አሰበ፤ ባሰበ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። «እህቴ» አለ፣ «እኔ የማስረክበው አባትን ነው። የማየውም የአባትን ስም ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።»

የሟቹ ስም ደግሞ በየመንደሩ አሥር የሚገኝለት ስም ነው። መርማሪዋ በስሙ ላይ ተስፋ ቆረጠችና ወደ በሩ ዘበኛ ሄደች። ዘበኛው የሚገባውንም የሚወጣውንም መኪና ቁጥር ይጽፋል፤ ሬሳ የሚጭን ሲሆን ብቻ አይጽፍም። የሬሳ መኪና ቁጥር ጽፎ የቀናው ሰው የለም ሲል አስረዳት። ነጭ መኪና ደግሞ ከመንገዱ ማዶ እንኳ አራት ቆሟል።

ሴትዮዋን ኮሪደሩ ላይ አነጋገረቻት። ለአባቷ ብቸኛ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። አባቷ ሚዛን አዳሽ ነበር፤ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የተዛባ ሚዛን ያስተካክላል። በሥራው አንድ ግራም አያሳልፍም። ጫማ ሲገዛ ግን ለራሱም ለልጁም ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አስበልጦ ነው፤ እግር ያድጋል፣ ጫማ አያድግም ይል ነበር። ይህን ስትናገር ሳቅ አመለጣትና ደነገጠች። መርማሪዋ ለምን እንደጻፈችው ሳታውቅ ጻፈችው።

«በቀብሩ ምክንያት የተጣላሽ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

አለ። የሟቹ ታናሽ ወንድም። ትናንት በስልክ፣ ወንድሜ በትውልድ መንደሩ ነው የሚያርፈው ብሎ ጮኾባታል፤ እሷም መልሳ ጮኻለች።

አጎትየው በዘጠኝ ሰዓት ከነሻንጣው ደረሰ። መርማሪዋ ገና ሳይቀመጥ ያዘችው።

«በአምስት ሰዓት የት ነበሩ?»

«አውቶቡስ ውስጥ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ።» ቲኬቱን አወጣ። ትክክል ነው።

«ወንድምዎ ወንድ ልጅ—»

«የለውም።»

ጥያቄዋን ሳትጨርስ ነበር የመለሰው። ከዚያ በኋላ ሻንጣውን እንጂ እሷን አላየም። መርማሪዋ ከቲኬቱ ይልቅ ይህን ከሥሩ አሰመረችበት፤ ግን ምን እንደሚነግራት አላወቀችም። አንድ ሰው የሌለ ነገር የለም ቢል ምን ጥፋት አለው?

የቀረው ኮምፒውተሩ ነው። እሱን የሚያውቁት ሰዎች ያሉት በዋናው ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

እዚያ አንድ ቀጭን ባለሙያ ሰጧት። ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሰው ሁሉ «አስተርጓሚው» ይለዋል። ስንት ቋንቋ ትችላለህ ብላ ጠየቀችው።

«የሰው አንድ» አለ። «የማሽን ሁለት።»

ቀስ ብሎ አስረዳት። ጋሽ ብርዱ ፊት ያለው ኮምፒውተር በውስጡ ምንም የለውም። መዝገቡ ያለው እዚህ፣ ከግድግዳው ጀርባ በሚያጓራ አሮጌ ማሽን ላይ ነው። ጋሽ ብርዱ አንድ ስም ሲነካ ጥያቄው በመስመር ተጉዞ ይመጣል። ነገር ግን ሁለቱን ማሽኖች የሠራቸው አንድ አይደለም፤ ንግግራቸው አይገጥምም። መሃል ላይ አንድ ፕሮግራም ቆሞ የአንዱን ለሌላው ይተረጉማል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ያን ፕሮግራም የዘረጋውም የሚጠብቀውም እሱ ነው።

«ምን ማለት ነው?»

«ሬሳው እዚያ፣ መዝገቡ እዚህ ማለት ነው። ጋሽ ብርዱ የሚያየው በመስኮት ነው።»

«ሌላ ሰው በሌላ መስኮት ያንኑ ያያል?»

«አሥራ አንድ ቦታ አሥራ አንድ መስኮት አለ። ማየት ብቻ ሳይሆን ይጽፋሉም።»

«እሺ። ሴት ልጅ የሚለውን ወንድ ልጅ ያደረገው የትኛው ነው?»

አስተርጓሚው ወደ ስክሪኑ ዞረ። «የለወጠው ሰው ስም 'እንግዳ' ይላል። ከውጭ የሚገባ ሁሉ በዚሁ ስም ነው የሚገባው። አሮጌው ማሽን ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ስም መስጠት አይመቸውም። ለሁሉም አንድ አደረግነው።»

«ስለዚህ ማንም ሊሆን ይችላል?»

«ማንም።»

«በስንት ሰዓት?»

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ።»

ጨዋ ልጅ ነው፤ የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ያልተጠየቀውን አይጨምርም። እጆቹ ንጹሕ ናቸው፤ የሳሙና ሽታ ከጠረጴዛው ማዶ ድረስ ይመጣል። አመሰገነችውና ወጣች።

ደረጃው ላይ ቆማ ደብተሯን ገለበጠች። ሰባት ገጽ ጽፋለች፤ የገባት ግማሽ ገጽ ነው። አሥራ አንድ መስኮት፣ አንድ ስም፣ ዝም ያለ ሰው፣ ቁጥር የሌለው መኪና። ነገ በስድስት ሰዓት ሰው ሁሉ ባዶ ሳጥን ከቦ ሊያለቅስ ነው። ተናደደች፤ ይበልጡን የተናደደችው በራሷ ነው።

ከመስኮቶቹ አንዱ የጋሽ ብርዱ ነው። ደወለችለት።

«ጋሽ ብርዱ፣ በሦስት ሰዓት ከሠላሳ ምን እየሠሩ ነበር?»

«ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ስጣላ።» ሳትጠይቀው ቀጠለ። በየጠዋቱ የእያንዳንዱን መሳቢያ ቅዝቃዜ ይመዘግባል። ስድስቱን ጨረሰ። ሰባተኛው ላይ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ከሦስት ሰዓት ከአሥር እስከ ሦስት ተኩል፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ።

«ከዚያስ?»

«ለኮምፒውተር ክፍሉ ደወልኩ። መስመሩ ተጨናንቋል፣ ትንሽ ይጠብቁ አለኝ።»

«እስከዚያ ምን አደረጉ?»

«ስምንተኛውን ከፈትኩ፣ ዘጠነኛውን ከፈትኩ። ተከፈቱ። ሰባተኛው ብቻ ነው እንቢ ያለኝ።»

መርማሪዋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስለ ኮምፒውተር ባታውቅም ስለ መንገድ ታውቃለች። የተጨናነቀ መንገድ አንዱን መኪና ብቻ አቁሞ ሌላውን አያሳልፍም።

«ስልኩን ያነሳው ማን ነው?»

«ያ አስተርጓሚ የምትሉት። ሁሌም እሱ ነው። ስድስት ዓመት አወራሁት፤ ጨዋ ነው።»

«ፊቱን ያውቁታል?»

«በድምፁ ነው እንጂ የት አግኝቼው!»

ደብተሯ ላይ «ዝም ያለ ሰው» የሚለውን አየች። ከዚያ፣ «በአምስት ሰዓት የመጣው ሰውዬ አንድ ቃል ተናግሮ ቢሆን ኖሮ፣ ድምፁን ያውቁት ነበር?» አለችው።

«ምን ማለት ነው?» አለ ጋሽ ብርዱ፤ ዛሬ ይህን ያለው እሱ ነው።

ደረጃውን መልሳ ወጣች። አስተርጓሚው ከተወችበት አልተነሳም። ፊቱ ላይ የነበረው ድካም እንጂ ፍርሃት አልነበረም። በሩን ዘግታ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለች። «መዝገቡ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ እንቢ ብሎ፣ ሌላው የሚከፈተው መቼ ነው?»

የሚዋሽ መስሏት ነበር። አልዋሸም።

«አንድ ሰው ሲይዘው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ለውጡን ይጽፋል። ከዚያ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አጽድቅ እና ሰርዝ። አንዱን እስኪጫን ድረስ ረድፉ በእጁ ነው። ሌላው ሰው ይጠብቃል።»

«ስንት ጊዜ ይወስዳል?»

«ሥራውን ለሚያውቅ ግማሽ ሰከንድ።»

«ይሄ ሃያ ደቂቃ ወስዷል።»

ዓይኑን ወደ ቁልፎቹ መለሰ።

«ሌባ ሃያ ደቂቃ አያመነታም» አለች። «መታወቂያህን አሳየኝ።»

ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። መርማሪዋ የራሱን ስም አለፈችና እንደ ጋሽ ብርዱ ቀጥታ ወደ አባቱ ስም ሄደች። የሟቹ ስም ነው።

«የት ነው ያለው?»

«እናቴ ቤት።»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። እናቱ እህል ቸርቻሪ ነበረች። ሚዛኗ በየሐሙሱ ይበላሻል፤ በየሐሙሱ የሚያድሰው ሰው ይመጣል። በሳምንት አንዴ የሚበላሽ ሚዛን የእነሱ ሱቅ ብቻ እንደሆነ የገባው አሥር ዓመት ሲሞላው ነው። ሰውዬው ከረሜላ ያመጣል፣ ጫማ ይገዛል፣ ልጄ ግን ብሎት አያውቅም። እናቱ ስትሞትም ሐሙስ አልነበረምና አልመጣም።

«መሞቱን ማን ነገረህ?»

«ማንም። በየጠዋቱ ከትናንት ወዲህ የገቡትን ረድፎች አያለሁ፤ ትርጉሙ ሳይዛባ መድረሱን። ስሙን አየሁት። ዕድሜው፣ ሰፈሩ፣ ሥራው፣ ሚዛን አዳሽ። የሞተበት ሰዓት።» ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። «እኔ የዘረጋሁት መስመር ነው የነገረኝ።»

«ምን ልታደርግ ነበር?»

«ነገ በማለዳ ከእናቴ አጠገብ ልቀብረው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል።»

«እሱን የምትጠብቅ ሴት ልጅ እንዳለችው እያወቅክ?»

«ረድፉ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። እሱን ነው የደለዝኩት።» አንገቱን ደፋ። «ሃያውን ደቂቃ ያቆየችኝ እሷ ናት።»

መርማሪዋ የቀራት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ለምርመራው አያስፈልግም፣ ለራሷ ነው። «ለምን ወንድ ልጅ አልክ? የወንድም ልጅ ብትል ማንም ልብ አይልህም ነበር።»

«አንድ ጊዜ እንኳ የሆነ ቦታ ተጽፎ ልየው ብዬ ነው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሱቁ ጋ ደረሱ። የተዘጋ ትንሽ ሱቅ ነው፤ ሚዛኑ ዛሬም ባንኮኒው ላይ አለ። ከኋላ አንዲት ክፍል። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ የሐሙሱ ሰውዬ ነው፣ ብቻውን አይተኛም አለቻቸው።

ሴትዮዋ ከረጢቷን እንዳቀፈች ገባች። አጎትየው በሩ ላይ ቀረ። መርማሪዋ ዞራ ብታየው ዓይኑን ሰበረ። ሠላሳ ዓመት ያወቀውን ነገር ለመናገር አሁን አቅም አልነበረውም።

ሟቹ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ጢሙ ተላጭቷል፤ ጥፍሩ ተቆርጧል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አዲስ ጥቁር ጫማ አድርጓል። ሴትዮዋ ግንባሩን ሳመች፣ እጁን ይዛ ቆየች። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። ከዚያ ወደ አስተርጓሚው ዞረች፤ ንዴቱ ከእንባው ጋር አብሮ መጣ።

«የሰው አባት ሰርቀህ ልትቀብር? እኔ ነገ ያን ሁሉ ሰው ምን ልለው ነበር?»

እሱ የሟቹን ሸሚዝ እጅጌ አስተካከለ።

«አባቴ ነው ካልክ ለምን በሩን አንኳኩተህ አልመጣህም?»

«ማን ነኝ ብዬ?» አላት።

ዓይኗን ወደ ሟቹ እግር መለሰች። ጎንበስ አለችና አንዱን ጫማ በጣቷ ነካ አደረገችው። ተወዛወዘ። ፈታ አወለቀችው፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ተጠቅጥቋል።

«ይበልጠዋል» አለ አስተርጓሚው፣ ልክ ይቅርታ እንደሚጠይቅ። «አንድ ቁጥር አስበልጬ ነው የገዛሁት። ለእኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚገዛልኝ። በጥጥ ነው ያደግኩት።»

ሴትዮዋ ከረጢቷን ከፍታ ከቤት ያመጣችውን የአባቷን ጫማ አወጣች፤ ውስጡን ወደ እሱ አዙራ አሳየችው። ያም ጫፉ ላይ ጥጥ አለበት። ሁለቱን ጫማዎች ጎን ለጎን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ብዙ ጊዜ አየቻቸው።

«የኔም ጥጥ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ትምህርት ቤት ይስቁብኝ ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ውጭ ወጣች። የምትመረምረው ነገር ቀርቷት አይደለም፤ ዓይኗን ለመጥረግ ነው።

በማግስቱ ሟቹ በስድስት ሰዓት፣ በተባለው ቦታ ተቀበረ። አስተርጓሚው ከፊት፣ ከሴትዮዋ ጎን ቆመ፤ ማነው ብሎ የጠየቀውን ዘመድ ሁሉ አጎትየው ወደ ዳር እየወሰደ መለሰለት። ከእናትየው አጠገብ የተቆፈረው ጉድጓድ በዚያው ቀን በባዶው ተደፈነ። ከቀብር መልስ መርማሪዋ አስተርጓሚውን ጣቢያ ይዛው ሄደች። መዝገብ ለውጧል፣ ሬሳ ያለ ፈቃድ ወስዷል፤ ከሥራም ታግዷል። የሚፈርደው ዳኛ ነው፤ እሷ ያየችውን ጻፈች፣ ሃያዋን ደቂቃም አልዘለለችም።

ሴትዮዋ ቃሏን ለመስጠት ጣቢያ እንደተቀመጠች የመርማሪዋ ስልክ ጠራ። ጋሽ ብርዱ ነው። ሰባተኛው ረድፍ እንዲታረም ታዟል፤ ግን የትኛውን ምን ብሎ እንደሚያርመው ግራ ገብቶታል። ያ አሮጌ ማሽን ከአንድ በላይ ተረካቢ አይቀበልም።

መርማሪዋ ስልኩን ለሴትዮዋ ሰጠቻት።

ሴትዮዋ አዳመጠች። በክፍሉ ሌላኛው ጥግ የተቀመጠውን ወንድሟን አየችው።

«ሰዓቱን ወደ ስምንት ያርሙት» አለች። «ሌላው እንዳለ ይሁን።»

ጋሽ ብርዱ ሰዓቱን አረመና አጽድቅ የሚለውን ተጫነ።